አዴ ከዲጃ የፈታችው ፆም

ባለፈው ጥር ለሠርግ አሰላ ሄጄ፣ ባረፍኩበት ቤት ምሳ ላይ የእህቴ ልጅ "የዓለም መከራ ሁሉ ምንጩ ሃይማኖት ነው" አለና አፍጥጦ ጠበቀኝ። ስለሚያውቀኝ ነው። በሃይማኖቴ የመጣብኝን ዝም አልልም፤ ክርክር ከጀመርኩ ወጥ ይቀዘቅዛል። ሁሉም እጁን ሰብስቦ "አሁን መጣልህ" በሚል ፊት ሲያየኝ፣ የቤቱ እመቤት ጭኮ ይዛ ገባች። የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ፣ ክዳኑ እንደተነሣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ያዘጋጀሁትን መልስ ትቼ ጭኮውን ማየት ጀመርኩ።

"ምነው አክስቴ፣ ተረታሽ እንዴ?" አለኝ። አልተረታሁም። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የሠራሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። እሱን ሳልናገር ስለ ሃይማኖት አፌን መክፈት ነውር መሰለኝ።

የስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ነበር። አባቴ ከቡልጋ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ የምንኖረው እዚያው አሰላ፣ ጭላሎ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ሰፈር። እናቴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ ከዚያ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እኔንም መለየት አቃታት። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ትሂድ አሉ። በወንበር ተሸክመው ላንድሮቨር ውስጥ ሲያስገቧት "ልጄን" ስትል ሰማኋት። ልጁ ግን በሽታው እንዳይጋባበት ተብሎ ቀረ፤ እሱን ልታሳድግ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ከቡልጋ መጣች።

እትዬ ብርቄ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ማሙሽን ከመሬት አታስነካውም፤ ተቀምጣ ነበር የምታንቀላፋው። ግን ጡት የላትም። የቆርቆሮውን ወተት ሰጠችው፣ አስመለሰው። የላም ወተት በውኃ አቅጥና በጡጦ ሰጠችው፣ አስቀመጠው። በሦስተኛው ቀን ድምፁ ዘግቶ እንደ ሽማግሌ ሲያቃስት፣ አዴ ከዲጃ በአጥሩ ክፍተት ገባች።

አዴ ከዲጃ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው የሁሴን ሚስት ናት። "አዴ" ኦሮሞዎቹ ትልቅ ሴት ሲያከብሩ የሚሉት ነው፤ እኛም ልጆቹ እንደዚያው እንላት ነበር። የአራት ወር ሴት ልጅ ነበረቻት። በሁለቱ ግቢ መሀል ያለው የባሕር ዛፍ አጥር ሁለት እንጨት ወድቆበት ሴቶቹ በዚያ ይመላለሳሉ፤ እሳት ቢጠፋ፣ ወንፊት ቢያስፈልግ በዚያ ነው። ያን ቀን ምንም አልጠየቀችም። ልጁን ከእትዬ ብርቄ እጅ ወሰደች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ አጠባችው። ማቃሰቱ ቆመ። እትዬ ብርቄ ባዶ እጇን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች።

አባቴ ማታ ሲሰማ "እግዜር ይስጣት" ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን እሷ ትመጣለች፤ ሲመሽ ደግሞ ወስዳው ከልጇ ጋር ታስተኛዋለች። እትዬ ብርቄ ነገሩ አልዋጥ ቢላት ወደ ነፍስ አባታችን ሄደች። እኔም አብሬ ነበርኩ። እስላም እያጠባችው ነው ብትላቸው "ይጠባል ወይ?" አሏት። ይጠባል አለች። "እንግዲያው ይጥባ፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና አምጪው" ብለው መስቀል አሳለሟት። መንገድ ላይ የአርሲ ቅቤ አባታችንን አለስልሷቸዋል እያለች ስታጉረመርም መጣች።

ወተት አጥንት ውስጥ ይገባል ትለኝ ነበር። ገና ክርስትና ላልተነሣ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው። እኔ እስልምና እንደ ኩፍኝ ቆዳ ላይ የሚወጣ መስሎኝ በየጠዋቱ መጠቅለያውን ገልጬ ሆዱን እመረምራለሁ። አዛን ሲሰማ ዓይኑን ይገልጥ እንደሆነ እጠብቃለሁ። ይገልጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ልቤ ድንግጥ ይላል። ዶሮ ሲጮህም ይገልጥ እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። የቤታችንን ወተት በየቀኑ የምታመጣልን ሴት እስላም ነበረች፤ የላሟን ሃይማኖት ግን የጠየቀ የለም። ይህን ለእትዬ ብርቄ ብነግራት ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ።

መስቀል በዋለ ማግስት ረመዳን ገባ። እኛ ገና የደመራውን አመድ ከግንባራችን ሳንጠርግ እነሱ ጨረቃ አይተው ፆም ያዙ። አዴ ከዲጃም ያዘች። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ማሙሽ ጠብቶ ሲያበቃ ማልቀስ ጀመረ። እያፈራረቀች ትሰጠዋለች፣ ጡቷን በመዳፏ እየጨመቀች ትሰጠዋለች፤ ያለቅሳል። ከንፈሯ አመድ ለበሰ። ከዚያ አንድ ቀን ድንገት ወተቱ ተመለሰ፤ ልጁ ጠግቦ ተኛ። ተመስገን ተባለ። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አባቴ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ጢቾ ሄደ። በሄደ በማግስቱ ራዲዮው እስራኤልና ዐረቦች ጦርነት ገጠሙ አለ። እኔ እስራኤል የሚባለውን የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሆነ የተወጉት የእኛ ደብር ሰዎች መሰሉኝ፤ ጦርነቱም ከዝዋይ አልፎ የሚርቅ አልመሰለኝም። እትዬ ብርቄ በኔ አትስቅም ነበር፤ እሷም ከዚያ ብዙ አልራቀችም። "እስላም ተነሣ" አለች፤ የግቢውን በር በጠራራ ፀሐይ መቀርቀር ጀመረች። ቦኖው ጋ ድሮ እንስራቸውን ደባልቀው የሚሰለፉ ሴቶች ወዲያና ወዲህ ሆነው ቆሙ። ማንም ማንንም አልሰደበም። ግን ሳቅ ጠፋ፣ ውኃው ሲሞላ ብቻ ነበር የሚሰማው።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ማሙሽ ነቃና እትዬ ብርቄ ሄጄ አዴ ከዲጃን እንድጠራ ላከችኝ። በክፍተቱ ገባሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ በእንጨት ክምሩና በግድግዳው መሀል አዴ ከዲጃ ቁጢጥ ብላለች። ጭኗ ላይ የእንጨት ገበታ አለ፤ በገበታው ላይ ጭኮ። በሦስት ጣቷ እየቆረሰች፣ ሳታላምጥ እየዋጠች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር። ቀና ስትል አየችኝ። ጣቷን አፏ ላይ አደረገች፤ በሌላው እጇ ገበታውን ወደኔ ገፋ አድርጋ "ኮቱ፣ ነይ" አለችኝ።

ሮጥኩ። በዚያች አንዲት አፍታ ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ። እኔ እኮ በሁዳዴ ጣቴ ላይ የቀረ ቅቤ ልሼ የተገረፍኩ ልጅ ነኝ። ፆም ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሚደበቅ ሌባ ነው፤ እሷ ደግሞ ተደብቃ እየበላች ነው።

ለእትዬ ብርቄ ነገርኳት። የጠየቀኝ አልነበረም፣ ያስገደደኝ አልነበረም። እየጣፈጠኝ ነው የተናገርኩት። ጣቷን አፏ ላይ ማድረጓንም፣ የሽታውን ነገርም ጨመርኩበት። እንባዋን ግን ተውኩት፤ ለወሬው አልተስማማኝም።

"ለራሷ ፈጣሪ ያልታመነች ለእኛ ልጅ ምን ልትሆን ነው?" አለች እትዬ ብርቄ። ሳምንት ሙሉ የምትፈልገው ነገር እጇ ገባ። ከጓሮ ሁለት አጠና አመጣች፣ ክፍተቱ ላይ አጋደመችው፣ በሽቦ ጠፍራ አሰረችው። ከሰዓት በኋላ ቦኖው ጋ እኛስ በፆም ተደብቀን አንበላም ብላ ማንም ሳይጠይቃት ጮክ ብላ ተናገረች። አንድ እንስራ እስኪሞላ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር።

ሲመሽ አዴ ከዲጃ አጥሩ ጋ መጣች። በእንጨቶቹ መሀል ጣቶቿ ይታያሉ። "ፀዳሌ፣ ልጁን አምጪ" አለች። "ፀዳሌ፣ የት ነሽ?" ከማድቤቱ ጀርባ ነበርኩ፤ ብናገር ትሰማኛለች። አልተናገርኩም። ቆማ ቆማ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባልናገር እመርጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አለቀሰ፣ የላም ወተት ጠጣ፣ እንደ ውኃ ሆኖ ወጣው። በሁለተኛው ቀን ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ፤ ላንድሮቨር ውስጥ እናቴ ላይ ያየሁት ዓይነት ፊት ነበር። በሦስተኛው ቀን እርግብግቢቱ ጎደጎደ። እትዬ ብርቄ ጠበል ረጨችው፣ የተልባ ውኃ አጠጣችው፣ ደረቷ ላይ ለጥፋው ክፍል ለክፍል ዞረች። "አንተ ልጅ፣ እባክህ፣ እባክህ" ትለዋለች። ሆስፒታል እንውሰደው ብላት ምን አጠባሽው ቢሉኝ ምን እላለሁ አለችኝ። ፈርታ ነበር። የዘጋችው ነገር እየከበዳት፣ መክፈት ደግሞ እየከበዳት።

እኔ አጥሩ ጋ እየሄድኩ በቀዳዳ አያለሁ። አንድ ጊዜ አዴ ከዲጃን ጓሮ ውስጥ ጎንበስ ብላ አየኋት። ጡቷን እየጨመቀች ወተቱን መሬት ላይ ታፈሰዋለች፤ ሞልቶ አሟት ነው። ከንፈሯን ነክሳ ነበር። አፈሩ ነጭ ሆኖ አየሁት፤ ከኋላዬ ደግሞ የልጁ ማቃሰት ይሰማኛል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ማሙሽ ማልቀሱን ተወ። እትዬ ብርቄ ተሻለው ብላ ተንበርክካ ምስጋና ጀመረች። በማግስቱ አርባ ቀኑ ስለሆነ የክርስትና ነጭ ልብሱን ከሳጥን አወጣች። እኔ ጠጋ ብዬ አየሁት። እጁን ባነሣው ተመልሶ ወደቀ። ያን ጊዜ ሮጬ አጥሩ ላይ አፌን ገጠምኩና "አዴ! አዴ! ማሙሽ አያለቅስም። ጭራሽ አያለቅስም" አልኩ። ወዲያ ማዶ የሆነ ዕቃ ወደቀ።

በዋናው በር የመጣችው ግን አዴ ከዲጃ አልነበረችም። አማቷ ናት፤ የሁሴን እናት፣ ሁሉ ሰው አኮ የሚላት አሮጊት። አኮ ማለት አያት ማለት ነው። ግቢያችን ገብታ አታውቅም፤ እኔ በሩቁ ነበር የምፈራት። ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዘውን ቀጭን ዘንግ፣ ሲንቄ የሚሉትን፣ ፊቷ ይዛ ነበር። ያን የያዘች ሴት መሀል ስትገባ ጠበኛ ሁሉ ቆም እንደሚል እትዬ ብርቄ እንኳ ሰምታለች። ቀርቅራው የነበረውን በር ከፈተችላት።

አኮ አልተቀመጠችም። አማርኛዋ እየተሰባበረ ነበር የምትናገረው፣ ግን እያንዳንዱ ቃል ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

"ከዲጃ ፆም ፈታች፤ ውሸት አይደለም። ፍቺ ያልኳት እኔ ነኝ። የምታጠባ ሴት ትፈታለች፣ ኋላ ትፆመዋለች፤ ሸሪዓችን ፈቅዷል። ለእኛ ልጅ ወተቱ ይበቃ ነበር። ለእናንተ ነው ያልበቃው። ሰው ፊት መብላት አፈረች፣ ጓሮ በላች።"

እትዬ ብርቄ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

"ያን ፆም በሌላ ቀን ትፆመዋለች" አለች አኮ። "ይሄን ልጅ ግን በሌላ ቀን ከየት ታመጪዋለሽ?"

እትዬ ብርቄ ልጁን ለኔ አስታቀፈችኝና ወደ አጥሩ ሄደች። ሽቦውን በእጇ መፍታት ጀመረች። ጠፍራ ስላሰረችው አልላቀቅ አላት፤ ጣቷ ደማ፣ አላቆመችም። አዴ ከዲጃ በወዲያ በኩል አጠናውን ትጎትታለች። ክፍተቱ ልጅ የሚያሾልክ ሲሆን ከእኔ ወስዳ በዚያ አቀበለቻት። አንዷ የሌላዋን ፊት አላየችም። መጀመሪያ መጥባት አቃተው። አዴ ከዲጃ ወተቱን በጠብታ ከንፈሩ ላይ ስታደርግ፣ ስታደርግ፣ ስታደርግ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ።

የእህቴ ልጅ ሃይማኖት ነው ጥፋተኛው ሲለኝ መልሱ ቀላል ቢሆንልኝ እወድ ነበር። አጥሩን የዘጋው ሃይማኖት አይደለም፣ እኔና አክስቴ ነን ማለት እችላለሁ፤ እውነትም ነው። ግን እያጣፈጥኩ ያወራሁት በምን ቃል ነው? ፆም፣ ክርስትና፣ እስላም የሚሉትን ቃሎች ከቤተ ክርስቲያን ነው የተማርኳቸው፤ እንደ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኳቸው። እነዚያኑ ቃሎች አኮም ይዛ መጣች፤ እሷ በር አስከፈተችባቸው። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ የሌለኝን ደግሞ አልፈጥርም።

አባቴ ያን ዕለት ማታ ከጢቾ ተመለሰ፤ እናቴ ገና አዲስ አበባ ሆስፒታል ነበረች። ሁሉን ሰማ፣ ለእህቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ እሷ ግን ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ማሙሽ ሌሊቱን አዴ ከዲጃ ዘንድ ጠብቶ አደረ። ጎሕ ሲቀድ ግን አቆመች። ክርስትና የሚነሣ ልጅ ይቆርባል፣ እስኪቆርብ ደግሞ አይጠባም። አባቴ እንደዚህ ደክሞ ይቻለዋል ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ የነፍስ አባታችን እንዲያውም እንዲህ ከሆነ ዛሬውኑ አምጡት፣ እናፈጥናለን አሉ። አዴ ከዲጃ ተከትላን መጣች። በፆም አፏ፣ ልጇን ለአኮ ትታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ውጭ ጥዱ ሥር ቆመች። እኔም ከእሷ ጋር ቀረሁ። ያን ቀን ለምን ትፆሚያለሽ ብላት የዛሬውን እንኳ ልሞክረው አለችኝ።

ጸሎቱ ረዘመብን። እሷ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች። እኔ በልቤ ሞቷል፣ ሞቷል እላለሁ። ከዚያ ከመጠመቂያው ቤት በኩል ጩኸት መጣ። የውኃው ብርድ ነው። ቀጭን፣ የተናደደ ጩኸት። አዴ ከዲጃ ጥዱን ያዘች፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጠበ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቆርቦ ወጣ። እትዬ ብርቄ በነጭ ልብስ ታቅፋው፣ አንገቱ ላይ ማተብ አስራለት፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ እየተጣደፈች በደጀ ሰላሙ ወጣች። የምናውቃት አንዲት የማኅበር ሴት ክንዷን ያዘቻት። "ገና ከመቁረቡ ለእስላም?" አለቻት፣ በለሆሳስ፣ ግን ሰው ሰማ።

እትዬ ብርቄ ቆመች። "አራት ቀን እኔ ይዤው ነበር" አለች። "እኔ ክርስቲያኗ። ሊሞትብኝ ነበር።"

መጥታ ልጁን ለአዴ ከዲጃ ሰጠቻት። ሰው እያየ ነበር፤ አዴ ከዲጃ ወዴት ፊቷን እንደምታዞር ጠፋት። ያን ጊዜ እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ከራሷ ገፈፈችው። እሷ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ባዶ ራሷን። በሁለት እጇ ዘርግታ በአዴ ከዲጃና በሰዉ መሀል እንደ መጋረጃ ይዛ ቆመች። ሽበቷን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እኔ ከነጠላው ወዲህ፣ ከአዴ ከዲጃ ጎን ነበርኩ። ማሙሽ ሲውጥ ይሰማኛል። ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

"አዴ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "ስትበዪ አይቼ ለእትዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ሌላ ያየኝ ሰው አልነበረም።"

ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ልጁን እያስተካከለች ዝቅ ብላ አየችኝ፤ ቂም እንዳላት ፊቷን ብመረምር ምንም አላገኘሁበትም።

"ኋላ ታለቅሻለሽ" አለችኝ። "አሁን እግሩን ያዢልኝ፤ እየረገጠኝ ነው።"